የሆርቲካልቸር ሥልጠናን ከመጪው የሥራ ዕድል ጋር እንዴት ማጣጣም ይቻላል?

የሆርቲካልቸር ሥልጠና የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰብሉ ይነሣል። አበባ ይሻላል ወይስ ፍራፍሬ፣ አትክልት ይሻላል ወይስ የመናፈሻ ሥራ ብሎ ያስብና ክፍያውን የሚችለውንና የሚቀርበውን ተቋም ይመርጣል። ይህ አካሄድ ዛሬ ክፍት ወደሆነ የሥራ ቦታ ሊያደርስ ይችላል፤ ሥልጠናው ሲጠናቀቅ፣ ከዚያም ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሚፈለግ ግን አያሳይም። የተሻለው መነሻ፣ ወደፊት በምሠራበት ቦታ የትኛው ውሳኔ በእኔ ኃላፊነት ሥር እንዲሆን እፈልጋለሁ የሚለው ጥያቄ ነው። ውኃው መቼና ምን ያህል ይለቀቅ፣ በቅጠሉ ላይ የሚታየው በሽታ ነው ወይስ የንጥረ ነገር እጥረት፣ የተለቀመው ምርት ይጫን ወይስ ይቆይ፣ ያረጀው ትልቅ ዛፍ ይቆረጥ ወይስ ተገርዞ ይዳን የሚሉት ሁሉ አንድ ባለሙያ የሚጠየቅባቸው ውሳኔዎች ናቸው። የሚመረተው ሰብልና የሚሠራበት መሣሪያ በየጊዜው ይለወጣሉ፤ እነዚህ ውሳኔዎች ግን ይቀጥላሉ፤ የተሻለ ደመወዝ የሚከፈለውም ለእነርሱ ነው። ቀጥሎ የቀረበው፣ ሥልጠና ለመምረጥ ለተዘጋጁ፣ በሙያው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ለማሻሻል ለሚሹ፣ በመጨረሻም ሥርዓተ ትምህርት ለሚቀርጹ ሰዎች የሚጠቅም የአሠራር መመሪያ ነው።

የሥራ ዓይነቶቹን በሙሉ ስፋታቸው ማየት

የመጀመሪያው እርምጃ ሆርቲካልቸር ከማሳና ከግሪን ሃውስ የሚሰፋ የሥራ መስክ መሆኑን በዝርዝር ማወቅ ነው። ሜዳ ላይ ከሚካሄድ ምርትና በመጠለያ ውስጥ ከሚካሄድ ምርት በተጨማሪ የችግኝ ጣቢያና የቲሹ ካልቸር (ከትንሽ የተክል ክፍል በላቦራቶሪ ችግኝ የማባዛት) ሥራ፣ የዘር ብዜት፣ የድህረ ምርት አያያዝና የቀዝቃዛ ክምችት ሥራ፣ የመናፈሻና የከተማ ዛፎች እንክብካቤ፣ የስፖርት ሜዳ ሣር አያያዝ፣ የዕፅዋት ጤና ቁጥጥርና ኳራንቲን (ተባይና በሽታ እንዳይዛመት ለይቶ ማቆየት)፣ የጥራት ምርመራ፣ የምክር አገልግሎት፣ የግብዓት ሽያጭና የምርምር ቴክኒሻንነት ሁሉም የራሳቸው የሥራ መሰላል አላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የማይጠቀሙበት አንድ መሣሪያ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት የሚጠቀምበት፣ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ዓለም አቀፍ የሙያዎች ምደባ አትክልተኞችን፣ የሆርቲካልቸርና የችግኝ አምራቾችን በቁጥር 6113፣ የዛፍና የቁጥቋጦ ሰብል አምራቾችን በ6112፣ የግብርና ቴክኒሻኖችን በ3142፣ የግብርና አማካሪዎችን በ2132፣ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያዎችን ደግሞ በ2162 ይመድባል። በርካታ አገሮች የሠራተኛ ኃይል ጥናታቸውን በዚህ ምደባ ወይም ከእርሱ ጋር በሚዛመድ የራሳቸው ምደባ ስለሚያወጡ፣ በሚፈልጉት አካባቢ የትኛው ሙያ እየሰፋ፣ የትኛው እየጠበበ እንደሆነ በእነዚህ ቁጥሮች መፈለግ ይቻላል። የመጀመሪያው አኃዝ ራሱ መልእክት አለው፤ በ6 የሚጀምረው የሠለጠነ የእጅ ሥራ፣ በ3 የሚጀምረው የቴክኒሻን ሥራ፣ በ2 የሚጀምረው ደግሞ ከፍተኛ ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንድ ሥልጠና የትኛው እርከን ላይ እንደሚያደርስና ወደ ቀጣዩ እርከን የሚያሸጋግር መንገድ እንዳለው ሳያረጋግጡ መመዝገብ ተገቢ አይደለም።

በእኔ እምነት ሠልጣኞች ከሚገባው በላይ ችላ የሚሏቸው ሦስት ዘርፎች የችግኝ ብዜት፣ የድህረ ምርት አያያዝና የዕፅዋት ጤና ናቸው። ምክንያቱም ሦስቱም የሚያገለግሉት ለአንድ ሰብል ሳይሆን ለሁሉም ነው፤ ገበያው ከአንዱ ሰብል ወደ ሌላው ቢያዘነብል እንኳ ሙያቸው አብሮ ይሻገራል።

የሚዘልቀውን ለውጥ ከጊዜያዊው መለየት

ስለ መጪው ጊዜ የሚነገረው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። ለሥልጠና ውሳኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው ምልክት ሕግና ደንብ ነው፤ ምክንያቱም ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። የሜቲል ብሮማይድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ጋዝ ለብዙ ዓመታት አፈርን ከተባይ፣ ከበሽታና ከአረም ለማጽዳት ያገለግል ነበር፤ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ ግን በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሥር እ.ኤ.አ. በ1997 በተደረሰ ስምምነት መሠረት ከኳራንቲንና ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በስተቀር ያደጉ አገሮች እስከ 2005፣ ታዳጊ አገሮች ደግሞ እስከ 2015 ከአገልግሎት እንዲያወጡት ተወሰነ። በዚህ ምክንያት የእንጆሪና የቲማቲም አምራቾች እንደየሁኔታቸው ወደ ሌሎች ኬሚካሎች፣ ከአፈር ውጪ ወደሆነ ማሳደጊያ፣ በሽታን በሚቋቋም የሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ ወደተዳቀለ ችግኝና አፈርን በፀሐይ ሙቀት ወደማጽዳት ዞሩ። ስምምነቱን በጊዜው ያነበበ አሠልጣኝ፣ የችግኝ ማዳቀልና የማዳበሪያ ውሁድ (በውኃ የሟሟ ማዳበሪያ) ዝግጅት ችሎታ እንደሚፈለግ ከብዙ ዓመት በፊት ማወቅ ይችል ነበር።

በተመሳሳይ መንገድ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የፀረ ተባይ አጠቃቀም መመሪያ፣ ሙያዊ ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ፣ ኬሚካልን እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚይዘውን የተቀናጀ የተባይ መከላከል መርሆዎችን እንዲከተሉ አስገድዷል። ኅብረቱ በምርት ላይ ሊቀር የሚችለውን የኬሚካል ቅሪት መጠን የሚወስንበት ሕግ ደግሞ ከውጭ በሚገባ ምርት ላይም ስለሚሠራ፣ ተጽዕኖው ከአኅጉሩ ድንበር ያልፋል። በመሆኑም ቀይ ሸረሪትን የሚበላውን ፋይቶሲዩለስ ፐርሲሚሊስ የተባለ ጥቃቅን ምስጥ መሰል ፍጥረት (ማይት)፣ የነጭ ዝንብን እጭ የሚያጠቃውን ኤንካርሲያ ፎርሞሳ የተባለ ትንሽ ተርብ መቼና በምን መጠን መልቀቅ እንደሚገባ፣ የትኛው ኬሚካል እነዚህን ጠቃሚ ፍጥረታት እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ፈላጊው እየበዛ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጠንካራ ምልክት አዲስ በሽታ ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቶብርፍቪ የሚባለው፣ የቲማቲምን ፍሬ የሚያበላሸው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2014 እስራኤል ውስጥ፣ በ2015 ደግሞ ዮርዳኖስ ውስጥ ከታየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አኅጉራት ተሰራጭቷል። ቫይረሱ በእጅ፣ በመቀስ፣ በልብስና በዕቃ ንክኪ ስለሚተላለፍ የግሪን ሃውስ ሥራን ከመግቢያው በር ጀምሮ ለውጦታል፤ እጅ መታጠብ፣ መሣሪያን በየረድፉ ማጽዳት፣ የሰውን እንቅስቃሴ መገደብና ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነዋል። የንጽሕና ሥርዓትን ለሌሎች ሠራተኞች ማስረዳትና ማስከበር የሚችል ሰው ከዚህ በኋላም ሥራ አያጣም።

ቴክኖሎጂን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኔዘርላንድስ የሚገኘው የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባካሄደው ራስ ገዝ የግሪን ሃውስ ውድድር፣ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የታገዘ አንድ ቡድን ኪያርን ከርቀት እየተቆጣጠረ፣ ልምድ ካላቸው አምራቾች የበለጠ የተጣራ ትርፍ አስመዝግቧል። ሙቀቱን፣ መስኖውን፣ ብርሃኑንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚወስነው ቡድኑ ሲሆን፣ ተክሉን የመግረዝ፣ የመደገፍና የመልቀም ሥራ ግን በሰው እጅ ተከናውኗል። ከዚህ የምረዳው፣ የመቆጣጠሪያ ቁጥሮችን በቃል አስጠንቶ የሚያበቃ ሥልጠና ዕድሜው አጭር መሆኑን ነው። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ከተክሉ ሁኔታ ጋር የማይስማማበትን ጊዜ ለይቶ ለምን እንደተሳሳተ ማስረዳት የሚችል ሰው ግን ለዚያው ማሽን ባለቤት እጅግ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ በአንድ ዓይነት ሕንጻ ወይም በአንድ ዓይነት የንግድ አሠራር ላይ ብቻ ሙሉ ሥልጠናን መመሥረት አደገኛ ነው። በተደራረቡ መደርደሪያዎች ላይ በአምፖል ብርሃን ቅጠላ ቅጠል ያመርቱ ከነበሩ ታዋቂ ኩባንያዎች መካከል ኤሮፋርምስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 የኪሣራ ጥበቃ ጠይቋል፤ ባወሪ ደግሞ ኅዳር 2024 ሥራውን አቁሟል። ፀሐይ በነጻ የምትሰጠውን ብርሃን በኤሌክትሪክ መተካት ከፍተኛ ወጪ አለው፤ ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ዕጣ ከኃይል ዋጋና ከባለሀብቶች ትዕግሥት ጋር የተቆራኘ ነው። ሆኖም እዚያ የሚገኘው የብርሃን፣ የንጥረ ነገር ውሁድና የንጽሕና ዕውቀት በግሪን ሃውስ፣ በችግኝ ጣቢያና በቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪም ስለሚሠራ፣ ሥልጠናው ይህን መሻገሪያ በግልጽ የሚያስተምር ከሆነ ሊመረጥ ይችላል።

የሥራ ማስታወቂያን ከሥልጠናው በፊት ማንበብ

ቀጣዩ እርምጃ ሊሠሩበት በሚፈልጉት ዘርፍ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን መሰብሰብ ነው። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ማስታወቂያዎች በቂ ሥዕል ይሰጣሉ፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ለጀማሪ፣ የቀሩት ከጀማሪ በአንድ እርከን ከፍ ላለ ቦታ የወጡ ይሁኑ። ከየማስታወቂያው ግሦቹን ብቻ ነቅሰው ያውጡ፤ መግረዝ፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ መቆጣጠር፣ ማሠልጠን፣ ማዘዝ፣ መመርመር የመሳሰሉትን። ከዚያም በእጅ የሚሠራ፣ በመሣሪያ የሚለካና የሚወሰን ወይም የሚመዘገብ ብለው በሦስት ይክፈሏቸው። በጀማሪውና በከፍተኛው እርከን ማስታወቂያዎች መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ሥልጠናዎ ሊያሟላው የሚገባውም ያንን ልዩነት ነው።

ማስታወቂያ ግን ሁሉንም አይናገርም። አነስተኛ አምራቾችና የችግኝ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ሠራተኛ የሚያገኙት በትውውቅ ስለሆነ፣ ሄዶ መጠየቅ የግድ ነው። ጉብኝቱ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ የትኛው ቦታ ላይ ሰው እንደሚጎድል በዓይን ይታያል። ኃላፊውን ስለ አጠቃላይ የገበያ ሁኔታ ከመጠየቅ ይልቅ ቁርጥ ያሉ ጥያቄዎችን ማቅረብ ይጠቅማል። ባለፈው ጊዜ ሰው ፈልጋችሁ ያጣችሁለት ሥራ የትኛው ነው? አዲስ የተቀጠረው ሠራተኛ ያልቻለው ነገር ምን ነበር? ከአምስት ዓመት ወዲህ የተዋችሁት ሥራ የትኛው ነው፣ የጀመራችሁትስ? አዲስ ሠራተኛ ብቻውን እንዲረጭ፣ ብቻውን እንዲያዳቅል ወይም ብቻውን መስኖ እንዲከፍት የምትፈቅዱት ከምን ያህል ጊዜ በኋላ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ መልሱ አሠሪው በእርግጥ የሚተማመንበት የብቃት መለኪያ ምን እንደሆነ ያወጣዋል።

ሥልጠናውን በዝርዝሩ መመዘን

የሥራዎቹ ዝርዝር በእጅ ከገባ በኋላ የሥልጠና ተቋሙን መርሐ ግብር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል። ከኮርሶቹ ስም ይልቅ የሚመረመረው ሠልጣኙ በእጁ የሚሠራው ሥራና የሚመዘንበት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ የሥልጠናው ርዝመት ከሰብሉ ዑደት ጋር መስማማቱ ይታይ። ሰላጣ ከተዘራ በኋላ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወር አካባቢ ስለሚደርስ አጭር ኮርስ እንኳ ሙሉ ዑደቱን ሊያሳይ ይችላል። የተዳቀለ የአቮካዶ ወይም የማንጎ ችግኝ ግን ፍሬ ለመስጠት በርካታ ዓመታት ስለሚፈልግ፣ የፍራፍሬ ሥልጠና የሚሰጥ ተቋም በተለያየ ዕድሜ ላይ ያሉ ዛፎች ከሌሉት ሠልጣኙ የገረዘውን ቅርንጫፍ ውጤት ሳያይ ይመረቃል። ተከላን እንጂ ለቀማን፣ ማበብን እንጂ ማከማቸትን ያላየ ሠልጣኝ ዕውቀቱ ከመሀል የተቆረጠ ነው።

ቀጥሎ የልምምዱ ብዛት ይጠየቅ። ችግኝ ማዳቀልን በአንድ ማሳያ ተመልክቶ ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሰውና በመቶዎች የሚቆጠሩ ችግኞችን አዳቅሎ ከመካከላቸው ስንቱ እንደያዘ የመዘገበ ሰው በምስክር ወረቀት ላይ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ፤ በሥራ ቦታ ግን ልዩነታቸው በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። የችግኝ ጣቢያ ባለቤት የሚለካው በሰዓት የሚሠራውን ብዛትና የያዙትን ችግኞች መቶኛ ነው። ስለዚህ ተቋሙን በቀጥታ ይጠይቁ፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ውጤት በቁጥር ይመዘግባል ወይ? ምዘናውን የሚያካሂደው አስተማሪው ብቻ ነው ወይስ ከሥራው ዓለም የመጣ ሰውም ይገኛል? የመለኪያ መሣሪያዎቹ በሠልጣኙ እጅ ይገባሉ ወይስ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይታያሉ? የሥራ ላይ ልምምዱ በውል የታሰረ፣ የሥራዎች ዝርዝር ያለው ነው ወይስ ሠልጣኙ ወደ ተገኘው ቦታ ይላካል? መልሱ ግልጽ ካልሆነ፣ የተቋሙ ሕንጻ ቢያምርም እንኳ ሌላ አማራጭ መፈለግ ይገባል።

ጊዜ የማይሽረው መሠረት

የትኛውም ዘርፍ ቢመረጥ በሥልጠናው ውስጥ መኖር ያለበት መሠረት አለ፤ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም። የመጀመሪያው የተክል ሥነ ሕይወት ከመለኪያ ጋር ተጣምሮ መማር ነው። ከአፈር ውጪ በሚካሄድ አመራረት የማዳበሪያው ውሁድ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ለአብዛኞቹ ሰብሎች ከ5.5 እስከ 6.5 እንዲሆን ለምን እንደሚፈለግ፣ ከዚያ ከፍ ሲል ብረትና ማንጋኒዝን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች በውኃው ውስጥ እያሉ ተክሉ ለምን እንደማያገኛቸው የተረዳ ሰው፣ የቅጠል ቢጫነት ባየ ቁጥር ማዳበሪያ አይጨምርም። ተክል ለምግብ ዝግጅት የሚጠቀምበት ብርሃን በአብዛኛው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ መሆኑን፣ ዋናው ጉዳይም በቀን የሚጠራቀመው ጠቅላላ ብርሃን መሆኑን የተረዳ ሰው የአምፖል ሻጭን ማብራሪያ መመርመር ይችላል። የአየር እርጥበትና ሙቀት ተጣምረው ከቅጠል የሚወጣውን ውኃ እንዴት እንደሚወስኑ ማወቅ ደግሞ ከመስኖም፣ ከበሽታም፣ ከካልሲየም እጥረትም ጋር የተያያዘ ነው።

የድህረ ምርት ዕውቀት ለማምረት ሥራ ብቻ ለሚሠለጥንም ያስፈልጋል። የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከመኸር በኋላ ወደ ችርቻሮ ሳይደርስ ይጠፋል። የተለቀመ ምርት መተንፈሱን አያቆምም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የአተነፋፈሱ ፍጥነት በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል፤ ጠዋት የለቀሙትን ሰዓታት ፀሐይ ላይ ማቆየት የቀናት ዕድሜ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሁሉንም ማቀዝቀዝም መፍትሔ አይደለም፤ ሙዝ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሲቀመጥ ልጣጩ ይጠቁራል፣ በአግባቡም አይበስልም። ይህን የሚያውቅ ሰው በማሸጊያ ቤት፣ በማጓጓዣ፣ በጥራት ምርመራና በሽያጭም ቦታ ያገኛል።

ከእነዚህ ጋር ሒሳብና ጽሑፍ ይጨመራሉ። የርጭት መሣሪያን ማስተካከል፣ ኬሚካልን በመጠኑ መቀላቀል፣ የመሬት ስፋትና የውኃ መጠን ማስላት፣ የሠሩትን ሌላ ሰው ሊከተለው በሚችል መንገድ መመዝገብ በአብዛኛው እንደ ቀላል ነገር ይታለፋሉ። እንደ ግሎባልጋፕ ያሉ የምርት ደረጃ ማረጋገጫዎች በየጊዜው የሚመረምሩት መዝገብን ስለሆነ፣ ያልተመዘገበ ጥሩ ሥራ በገበያ ዓይን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ለሥልጠና አዘጋጆች

ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጽ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ የተጀመረውንና ዳከም በመባል የሚታወቀውን ዘዴ ቢጠቀም መልካም ነው። ዘዴው ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 የሚደርሱ ብቁ ሠራተኞችን ለሁለት ቀን ያህል ሰብስቦ ኃላፊነታቸውንና ተግባራቸውን አንድ በአንድ እንዲዘረዝሩ ማድረግ ነው። ሥራ አስኪያጆችን ብቻ መጋበዝ የተለመደ ጉድለት ነው፤ እነርሱ ሊሠራ የሚገባውን ይናገራሉ፤ በእጁ የሚሠራው ሰው ግን በእርግጥ የሚሠራውን ይናገራል። ከዝርዝሩ ውስጥ ተሳታፊዎቹ እየጠፉ ነው ያሏቸውንና እየመጡ ነው ያሏቸውን ተግባራት ለይቶ ምልክት ማድረግም ያስፈልጋል።

ምሩቃንን ከተመረቁ ከአንድና ከሦስት ዓመት በኋላ ተከታትሎ መጠየቅ ሌላው ግዴታ ነው። ሥራ ማግኘታቸውን ብቻ ሳይሆን ከተማሩት የትኛውን በየሳምንቱ እንደሚጠቀሙ፣ የትኛውን ሥራ ላይ እንደ አዲስ እንደተማሩ መጠየቅ አለበት። ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ከሚሠራ አምራች ጋር የልምምድ ስምምነት መፈራረም ይቀድማል፤ ተቋሙ ውስጥ የቆመ ግሪን ሃውስ ተንከባካቢና በጀት ካጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለፈ ዘመን ማሳያ ይሆናል። ለመለማመጃ የሚሆኑ ብዙ ተራ ፒኤች መለኪያዎች ከአንድ እጅግ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ይልቅ ብዙ ሠልጣኝ ያበቃሉ።

ክፍተትን መሙላትና ችሎታን ማስመስከር

አንድ ሥልጠና ሁሉንም አያሟላም። ዋናውን ሥልጠና ለመሠረቱና ለአንድ የተመረጠ ዘርፍ ጥልቀት ተጠቅሞ፣ የቀረውን በአጫጭር ኮርሶች መሙላት ይሻላል። በብዙ አገሮች ፀረ ተባይ ለመርጨት፣ በሰንሰለት መጋዝ ለመሥራት ወይም ከፍታ ላይ ዛፍ ለመግረዝ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ፈቃዶች ከሌሎች አጫጭር ኮርሶች ሁሉ መቅደም አለባቸው፤ ያለ እነርሱ አሠሪው ቢፈልግም እንኳ ሥራውን ሊሰጥ አይችልም። የመረጃ ትንተና ወይም የዳሳሽ መሣሪያ ኮርስ ሊከተል የሚገባው ቢያንስ አንድ ሙሉ የምርት ወቅት በእጅ ከሠሩ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ስለምን እንደሚናገር የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ የራስዎን የሥራ መዝገብ ይያዙ። የሠሩት ተግባር፣ ቀኑ፣ ብዛቱ፣ የተሳካው መቶኛ፣ ያጋጠመው ችግርና የወሰዱት እርምጃ፣ እንዲሁም ሥራውን የተመለከተው ኃላፊ ፊርማ ይግቡበት፤ በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍም ይታከልበት። በቃለ መጠይቅ ጊዜ ይህን መዝገብ ማሳየት ከማንኛውም የምስክር ወረቀት የበለጠ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄዎቹም እርስዎ በሚያውቁት ሥራ ላይ የሚያተኩሩ ይሆናሉ። የማስታወቂያ ስብስቡን ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ያዘጋጁ፤ ቀድሞ ካልነበሩ ግሦች መካከል በተደጋጋሚ የሚታዩት በሦስቱ ክፍሎች ከየትኛው እንደገቡ ይመልከቱና ቀጣዩን አጭር ኮርስ በዚያው መሠረት ይምረጡ።